የተረፈችው እጅ

ማካሳር፣ ወደቡ ዳር፣ ከዓሣ ገበያው ጎን፣
ሸራ ጥላ አለኝ፣ ከአራት ክንድ የማይሆን፤
አንድ የላስቲክ ወንበር፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ገመድ።
የስልኬ መስተዋት ስንጥቅ አለው፣ ከጥግ ጥግ የሚሄድ፤
ለምጄዋለሁ፣ እንደ ወንዝ ነው በካርታ፣
ጣቴ ሲደርስበት ይሻገራል በዝግታ።

ሐስኒያ እባላለሁ፤ ሥራዬ መደረብ ነው፦
ከታች የተቀረጸው፣ ከላይ የጎደለው።
ልጆቹ «ሌየር» ይሉታል፤ እኔ ልብስ እለዋለሁ፣
ብርድ እንደያዘው ሰው ቪዲዮን አለብሳለሁ።

ማክሰኞ ከሰዓት መጣች አንዲት ሙሽራ፣
የጣቶቿ ቀለም ገና ሳይጠራ።
ስሟ ቤሴ ነው፤ አባቷን ሁሉም ሰው ያውቃል፣
ዳኤንግ ሲጁ ሲባል ወደቡ ዝም ይላል።
የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ቅርንፉድ ጭኖ ወጣ፤
ጀልባውም፣ ሰውየውም፣ ቅርንፉዱም አልመጣ።

«የሠርጌን ቪዲዮ አየሁት» አለች፣ «አሥራ ሰባት ደቂቃ፤
ሁሉም ሰው አለበት። አንድ ወንበር ብቻ ባዶ ነው፣ በቃ።
አባቴን አስገቢልኝ።» ከቦርሳዋ አወጣች
ጥጓን ምስጥ የቀመሳት ፎቶ፤ ጭኔ ላይ አስቀመጠች።

መጀመሪያ ሠርጉን ዘረጋሁት፣ ከታች እንዲሆን፦
ሰማያዊ ድንኳን፣ ከበሮ፣ ሙዝ፣ የወርቅ ወረቀት ዙፋን።
ከላዩ እሱን። በሁለት ጣት ቆንጥጬ አሳነስኩት፣
ከኋላው ያለውን ሁሉ እየላጥኩ ለየሁት፦
ግድግዳውን፣ መስኮቱን፣ የተሰጣውን ልብስ፣
ቀስ እያልኩ አጠፋሁ፣ እስከ ጆሮው ጫፍ ድረስ።
አስቸጋሪው ፀጉር ነው፤ ፀጉር ከአየር አይለይም፤
ብዙ ካጠፉ ይመለጣል፣ ካነሰ ጭጋጉ አይለቅም።

ትከሻው ጋ ስደርስ ጣቴ ቆመ።
አንዲት እጅ ነበረች።
ከፎቶው ጠርዝ የገባች፣ ባለቤቷን መቀስ የበላ፣
አራት ጣት፣ አንድ ቀለበት፣ ትከሻው ላይ ተደላድላ።

«የማን ናት?» አልኳት።
ቤሴ ወደ ጀልባዎቹ አየች። «አጥፊያት» አለች።

አጠፋኋት። ትከሻውም ከእጅ ጋር አብሮ ሄደ፤
በቀዳዳው ሙዝ ታየ፤ አባት በልጁ ፊት ተቀደደ።
ከግራ ትከሻው ቀድቼ ለቀኙ ጣፍኩለት፣
ሸሚዙ ገጠመ፣ ግን አንድ ነገር ጎደለበት፤
ፈገግታው ምክንያት አጣ። ለካ ያን ጊዜ የሳቀው
ለካሜራው አልነበረም፣ ለነካችው ነው።

ቤሴም አይታዋለች። ብዙ ዝም ካለች በኋላ
«እናቴ ናት» አለች። «እሱ የቀረ ለታ
ራሷን በመቀስ አወጣች። መልሻት፣ እጇን ብቻ።»

መለስኳት። ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት ከእጇ ጋር።
እናትየዋ ሠርጉ ላይ አለች፣ ከወንበሩ ቀጥላ፣ ቀጥ ብላ፤
ያቺ የድሮ እጅ በእሷ በኩል ትዘረጋለች፣
ግን አትደርስም፤ ከክንዷ ሁለት ጣት ያህል ቀርታለች።
ገፋሁት፣ ሳብኩት፣ አዘነበልኩት፤ እንቢ አለኝ።
«ተይው» አለች ልጅቷ፣ «ይኸው ነው እውነቱ።»

ድምቀቱን ቀነስኩት፣ ሰማንያ ከመቶ፤
ሙት አያምርበትም ከቋሚ በላይ ደምቆ ገብቶ።
«አስቀምጥ» የሚለውን ተጫንኩ። ባትሪው አራት ቀርቶታል።
አንዴ ከተቀመጠ ድርብርቡ ይዋሐዳል፤
ሠርግና ፎቶ፣ የያኔውና የአሁኑ፣ አንድ ጨርቅ ይሆናል፤
ከእንግዲህ ማን ነቅሎ ከወንበሩ ያስነሳዋል?
ያልተዋሐደውን ግን ስልኬ ውስጥ አቆየሁ፤
ለምን እንደሆነ ያኔ መች አውቄያለሁ።

ዓርብ ሲመሽ፣ ሸራውን ስጠቀልል፣
አንዲት ሴት ቆመች፤ ቅርጫቷ ዓሣ ዓሣ ይላል።
አወቅኋት። ጣቷ ላይ ቀለበት የለም፣
ቦታው ግን ነጣ ብሎ ቀርቷል፤ ፀሐይ አልነካውም።
«አየሁት» አለች። ሌላ አልጨመረችም።
ወንበሩን ሳብኩላት፤ አልተቀመጠችም።
ቀኝ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበች፣
ክንዷን ወደ ስልኩ ብርሃን አስጠጋች፣
«ይሄን» አለች፣ «ትንሽ ማስረዘም ይቻላል?»